ሟቹ ቤታቸውን ለመሸጥ ስለመቸገራቸው

ለተከበሩ አቶ ፑን ካይ-ቻክ
በ«ወርቃማ ደጃፍ» የቤት ድለላ ድርጅት የዕድለ ቢስ ቤቶች መዝገብ ኃላፊ
ሆንግ ኮንግ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ደም ግፊትዎ፣ ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ ሁሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሞትኩ ዓመት ቢያልፈኝም በጣም ደህና ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት መናፈሻው ውስጥ እጅ እግሬን አፍታታለሁ፣ ሾርባዬን እጠጣለሁ፣ ማታም ከባለቤቴ ጋር በቴሌቪዥኑ ድምፅ እንጨቃጨቃለን። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ክፋት አስቤ አይደለም። በአድራሻዎ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ጽሕፈት ቤትዎ ከሙታን የመጣ ፖስታ አይከፍት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነው።

ስሜ ሞክ ዪን-ቻው ይባላል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሚኒባስ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በመዝገብዎ ላይ ባለች አንዲት መስመር ነው፤ እንዲህ ትላለች፦ «ቹንግ ፓክ ሕንፃ፣ 17ኛ ፎቅ፣ ቁጥር 1708። ሽማግሌ ወንድ፣ ድንገተኛ አሟሟት። በሰባተኛው ቀን ደረጃ ላይ ታይቷል።» ሰው ክፉ ሞት የሞተበትን ቤት በዚህ ከተማ ማንም በሙሉ ዋጋ እንደማይገዛው፣ ባንክም እንደማያበድርበት ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለዚህም ነው ይህች አጭር መስመር ከሠላሳ ዓመት ድካሜ ይልቅ ስለ ቤቴ ብዙ የምትናገረው።

የሞትኩት እንዲህ ነው። አምና በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር በዓል ላይ ባለቤቴ ላይ-ኩን በቅጠል ጠቅልላ የቀቀለችውን ሩዝ ስበላ፣ መሃሉ ላይ ያለው በጨው የከረመ የእንቁላል አስኳል ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ሰዎቹም ደረቴን ሲጫኑኝ አንድ የጎን አጥንቴ ተሰበረ፣ አስኳሉም ወጣ፣ ነፍሴ ግን ሳትወጣ ቀረች። የሕንፃችን ሊፍት ከ16ኛው ወደ 19ኛው ስለሚዘል በቃሬዛ አንድ ፎቅ በደረጃ አወረዱኝ። ግቢው ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ስለነበር እንዳልበሰብስ ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ ላስቲክ አለበሱኝ። በ1706 የምትኖረው ጎረቤታችን ወይዘሮ ቱንግ ፊቴ መሸፈኑን ከመስኮት አየች። ከዚያ በኋላ ያለውን የእርስዎ ድርጅት ጨረሰው።

አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ወይዘሮ ቱንግ አትክልት ስትገዛ ለአንድ ደላላዎ «ምስኪን አቶ ሞክ፣ ተሸፍኖ ወጣ» ካለችው በኋላ ስሜ መዝገብ ላይ ለመስፈር አንድ ሳምንት አልፈጀም። ውኃ የሚያፈሰውን ቧንቧችንን ለማስጠገን ስምንት ወር የጠበቅን ሰዎች ስለሆንን እንዲህ ያለ ትጋት ስናይ ይበል ያሰኘናል። ሆስፒታሉን አልጠየቁም፣ ባለቤቴን አልጠየቁም፣ እኔን ደግሞ በጭራሽ አልጠየቁም፤ ሃያ ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ ነበርኩ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጎብኚ እንደ ብርቅ እየናፈቀኝ።

በእርግጥ የእኔም ጥፋት አለበት። ሐኪሞቹ ሲለቁኝ ቀን አልቆጠርኩም፤ ወደ ቤት የተመለስኩት ልክ በሰባተኛው ቀን፣ የሟች ነፍስ ቤቷን ልታይ በምትመጣበት ቀን ኖሯል። ላይ-ኩን ሆስፒታሉ አጠገብ እህቷ ዘንድ ከርማ ስለነበር መትረፌን ለጎረቤት የነገረ የለም። ወይዘሮ ቱንግም ያን ጠዋት ነፍሴ በወዲያኛው ዓለም እንድትኖርበት ብላ ከወረቀት የተሠራ ቤት ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ በርሜል አቃጥላልኝ፣ አመዱን ጠርጋ ደረጃ ስትወጣ፣ እኔ የጎኔን አጥንት ይዤ እያቃሰትኩ ከፊቷ ቆሜ አገኘችኝ። ነፍሷ ወጥታ ገባች። «ኧረ አቶ ሞክ! ቤቱን ልኬልዎታለሁ እኮ! ምን ጎደለብኝ ብለው መጡ?» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷም ደላላዎ ጆሮ ደርሶ መዝገቡ ላይ ተጨመረ። በማግስቱ ግን እውነቱን ስትሰማ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዛ መጥታ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ይቅርታ ጠይቃኛለች። ከእርስዎ ድርጅት እስከ አሁን አንድ ብርቱካን አልደረሰኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ። ቤታችንን ለመሸጥ ስንነሣ መሞቴን ሰማሁና ስሜን ላሰርዝ ቢሮዎ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊዎ ትሑት ሴት ናት፣ ውኃም ቀድታልኛለች።

«የሞት የምስክር ወረቀት ይዘዋል?» አለችኝ።

«የማን?»

«የሟቹ ነዋ፣ አባቴ።»

«ሟቹ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። «ችግር የለም፤ የራስዎም ቢሆን ዋናውን ከነኮፒው ይዘው ይምጡ» አለችኝ። አልሞትኩም ብዬ ድርቅ ስልባት ደግሞ ከልቧ አዝና፣ «እኔማ አምኜዎታለሁ። ግን እዚህ ላይ ‹አልሞተም› የሚል ምርጫ የለውም። ‹በተፈጥሮ› እና ‹ያለ ተፈጥሮ› ብቻ ነው ያለው፤ የቱን ላድርግልዎ?» አለች። ከዚያም መካሪ ሆና፣ «መቼም አንድ ቀን በተፈጥሮ መሞትዎ አይቀርም፤ ያኔ ወረቀቱን ሰው ይላኩበትና እሰርዝልዎታለሁ» ብላ አጽናናችኝ። እጄን በአፌ ጭኜ ወጣሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ገዢዎቻችን። ቤቱን ለማሳየት በከፈትንበት ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ነበር። አንዱ ግድግዳ ያንኳኳል፣ አንዱ መኝታ ቤቱን በስንዝር ይለካል፣ አንዷ ከወረፋው ሳትወጣ በስልክ ከባሏ ጋር ዋጋ ትጨምራለች። ከሁሉም ወይዘሪት ፋን የምትባል የሙዚቃ አስተማሪ፣ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ስለጠየቀች ልባችን ወደዳት፤ በዋጋውም ተስማማን። በሳምንቱ ባንኩ የእርስዎን መዝገብ አይቶ ብድሩን ከለከላት። ደንግጣ ትሸሻለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቤታችን መጥታ ሻይ እየጠጣች፣ «አቶ ሞክ፣ እኔ ከሙት ጋር መኖር አያቅተኝም፤ ያቃተኝ ከእናቴ ጋር ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ከወንድሜ በላይ ባለው አልጋ ላይ በመሰላል ወጥቼ ነው የምተኛው። ሟቹ ደግሞ እርስዎ ከሆኑ ከአሁኑ ተግባብተናል። ፈሪው ባንኩ ነው» አለችኝ።

ባንኩ በፈራ ቁጥር የሚደፍሩ ደግሞ አልጠፉም። አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «ሰውዬው የሞተው የት ላይ ነው?» አለኝ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው ስለው፣ «በጣም ጥሩ፤ እኔ ቤት ውስጥ አልበላም፣ ግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ» አለ። ሰውዬው እኔ እንደሆንኩና በሕይወት እንዳለሁ ስነግረው፣ «ታዲያ ቀደም ብለው አይነግሩኝም? ዋጋው ጨመረ ማለት ነዋ!» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እንኳን ተረፉ እንኳ አላለኝም።

አራት ቁጥርን፣ አጠራሯ ሞትን ስለሚመስል ቢሮዎ ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ እንደሌለው ሁሉ፣ እኔም ስለ ጤናችን ስል ዘልያታለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ርኅራኄዎ። ባለፈው ወር በፊርማዎ የተጻፈ፣ ለባለቤቴ የተላከ ደብዳቤ ደርሶን ነበር፤ የራሴን የማስተዛዘኛ ደብዳቤ ራሴ ከፍቼ አነበብኩ። በባለቤትዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን ይልና፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ድርጅታችን የሐዘንተኛዋን ሸክም ለማቅለል ሲል ቤቱን ከዋጋው በስድሳ በመቶ ለመግዛት ፈቃደኛ ነው ይላል። እኔ ሚኒባስ ነጂ ነኝ፣ ንግድ አላውቅም፤ ግን ሰፈሬን አውቃለሁ። በእኛ መንገድ ብቻ ከመዝገብዎ ላይ የነበሩ ሦስት ቤቶችን ድርጅትዎ በእንዲሁ ዓይነት ርኅራኄ ገዝቷል። ስድስት ወር ሳይሞላም ሦስቱም ከመዝገቡ ጠፍተው በሙሉ ዋጋ ተሽጠዋል። የእነዚያ ቤቶች ሟቾች ወረቀታቸውን ከየት እንዳመጡ ቢነግሩኝ እኔም ሄጄ እጠይቅ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለውን፣ አቶ ፑን፣ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። የሚቀጥለውን ግን ስጽፍ አልሳቅሁም።

ቤቱን የምንሸጠው ሀብታም ልንሆን አይደለም። የላይ-ኩን ጉልበቶች አልቀዋል። ከ16ኛው ፎቅ ሊፍት ወርዳ ቤታችን እስክትደርስ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለ፤ በጎኗ እየሄደች፣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ትወጣዋለች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሁልጊዜ ትቆማለች። ለምን ቆምሽ ስላት «ስልኬን ልይ ብዬ ነው» ትለኛለች፤ ስልኳ ግን ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። አንጀቴን ትበላዋለች። በምትኩ ልንገዛው ያሰብነው 1603 የሊፍቱ በር አጠገብ ያለ ቤት ነው፤ የቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ልጇ ዘንድ ልትገባ ስለሆነ፣ ከሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ቀርቦላት እንኳ ለላይ-ኩን ብላ ይዛልናለች። ሰባተኛው ወር፣ የሙታን ወር፣ ከገባ ግን ማንም ቤት እንደማይቀይር ያውቃሉ፤ ስለዚህ «እስከ ስድስተኛው ወር መጨረሻ ብቻ ነው የምጠብቃችሁ» ብላናለች። ዛሬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። ላይ-ኩን «ተወው፣ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አይገድለኝም» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ እኔም እንደምትዋሽ አውቃለሁ፤ የዚህን ጊዜ ነው የምር የምናደደው።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ያችን አንዲት መስመር ይሰርዙልኝ።

ካልተመቸዎት ግን አልጫንዎትም፤ መሞቴን ተቀብዬ እንደ ሟች ሥርዓቴን እጠብቃለሁ። በሰባተኛው ወር ሙታን ከያሉበት ወጥተው ወደ ፈለጉበት እንዲሄዱ እንደሚፈቀድላቸው ለእርስዎ አልነግርዎትም። እኔም በድርጅትዎ የተመዘገብኩ ሕጋዊ ሟች እንደመሆኔ፣ ፈቃዴን የማሳልፍበትን ቦታ መርጫለሁ። ከወሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት፣ የዋና ቢሮዎ መስኮት ሥር ታጣፊ ወንበሬን ዘርግቼ፣ ነጭ ፒጃማዬን ለብሼ እቀመጣለሁ። ማንንም አላስቸግርም፣ አልጮኽም። ቤት ሊገዛ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በትሕትና ሰላም ብዬ፣ የ1708 ቁጥር ሟች እኔ እንደሆንኩ፣ ማስረጃውም ውስጥ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ብቻ እነግረዋለሁ። ወይዘሪት ፋን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዋሽንቷን ይዛ መጥታ የለቅሶ ዜማ ልትነፋልኝ ቃል ገብታለች። ወይዘሮ ቱንግም ደረጃው ላይ እንዴት እንዳየችኝ ለመመስከር ፈቃደኛ ናት፤ ስትመሰክር ደግሞ ድምፅዋ ሁለት መንገድ ይሻገራል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለድርጅትዎ ሞቅ ያለ ገበያ፣ ለሊፍትዎም በየፎቁ መቆምን እየተመኘሁ፣ በሕይወትም ሆነ በመዝገብዎ ከማይጓደል አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሞክ ዪን-ቻው
ጡረተኛ የሚኒባስ ሾፌር፣ የወይዘሮ ላይ-ኩን ባል፣ በእርስዎ ዘንድ ሟች
ቹንግ ፓክ ሕንፃ፣ 1708 (ከሊፍቱ 16ኛ ላይ ወርደው አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ይወጣሉ)

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ቱንግ ያቃጠለችልኝን የወረቀት ቤት አስታወስኩ። ሁለት መኝታ፣ ባሕር የሚያይ በረንዳ፣ ከደጃፉ ላይ የሚቆም ሊፍት አለው፤ ዕዳ የለበትም፣ ስሜም በሩ ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። እኔ ልገባበት ስለማልቸኩል፣ ለእርስዎ ብቻ፣ በስድሳ በመቶ ልሸጥልዎት ፈቃደኛ ነኝ። ማንም ሞቶበት ስለማያውቅ በመዝገብዎ ላይ አያስቸግርዎትም። ቁልፉን ለመረከብ ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ጸሐፊዎ ታውቃለች፣ ዋናውን ከነኮፒው ይዘው ይምጡ።