አባባ የወጡበት ደቂቃ

አባባ ከሜዳው ዳር ተነሥተው የወጡት በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነው። አሰልጣኙ እኔን በረኛ አድርጎ ያስገባኝ በዘጠና ሁለተኛው። ከሞቱ ወዲህ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ነው የምኖረው።

ወንድም ዓለም፣ ከሰላምታው ሐዘኑን ስላስቀደምሁ ይቅር በለኝ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? የአሶሳ ሙቀት ተስማማህ? ያ ወገብህስ ተሻለህ? መንገዱ ተዘግቶብህ ለቀብሩ ሳትደርስ ብቻህን ማልቀስህን ዘወትር አስባለሁ። እኛ አለን። እናታችንም እህል መቅመስ ጀምራለች።

በላክኸው ወረቀት «አባባ ስትጫወቺ አንድ ቀን እንኳ አይተውሽ ነበር?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ለሌላው ሰው አዎ ብያለሁ። አንተን ግን አልዋሽህም።

በወረታ የሴቶች ቡድን ውስጥ አሰልጣኝ ደሳለው ሁልጊዜ የሚያስገባኝ መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲያመራ ነው። ዘጠናውን ደቂቃ ግቡን መባ ትጠብቃለች። መባ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ረጋ ያለች ናት። ደሳለው እየሳቀ «አንቺ መድኃኒት ነሽ፤ መድኃኒት ደግሞ በየቀኑ አይወሰድም» ይለኛል። «ጋሼ፣ መድኃኒትም ሲቀመጥ ይበላሻል» ብዬዋለሁ። ግብ ሲቆጠርብኝ ተከላካዮቹ ላይ እንደምጮህ ያነሣብኛል፤ እሱስ እውነት ነው። ግን በጥቅምት «የቅዳሜውን አንቺ ትጀምሪያለሽ» ብሎ በእናቱ ምሎልኝ ነበር። እኔም አምኜ ወደ ቁሐር፣ ወደ ቤት ላክሁ፤ አባባ ይምጡና ይዩኝ አልሁ።

መጡ። ያን ሳል ይዘው፣ የክረምቱ ውሃ ገና ያልሸሸውን መንገድ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻግረው፣ የክት ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ልብስ ስንቀይር ግን ደሳለው የበረኛዋን ማሊያ ለመባ ወረወረላት። እኔን «ተጋጣሚው ከባድ ነው፤ አንቺ ለክፉ ቀን» አለኝ። ተቀመጥሁ። አባባ ከማዶ ሆነው ከሮጠችው ሁሉ መሐል እኔን ሲፈልጉ አየኋቸው። የቁሐር የመጨረሻው ባጃጅ ሰው ሲጠራ ተነሡ።

እኔ ገብቼ ሦስት ምት መለስሁ። ሕዝቡ ጮኸ። በማግሥቱ ቤት ስሄድ «ባጃጁ እስኪሞላ ጩኸቱን ሰምቼው ነበር፤ ለሌላ ሰው መስሎኝ አልዞርሁም» አሉኝ። በሃያኛው ቀን ዐረፉ።

የሩዝ ነዶ ስትወረውርልኝ ክምሩ ላይ ቆሜ ስቀልብ ትዝ ይልሃል? እጄ የተፈታው እዚያ ነው። ጎረቤቱ «መሠረቱንስ እሺ፣ ጫፉን ወንድ ይክደነው» ሲል አባባ «ክምር ላይ እጅ አይለወጥም፤ የጀመረችው ትጨርሰው፤ አለዚያ ይዘማል» ይሉ ነበር። የዘንድሮውን ክምር አጎታችን አንለይ እየወረወረልኝ ከእግሩ ጀምሬ ጫፉን ከድኜ ወረድሁ። ስወርድ «በርቺ» የሚል የአባባን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ክምሩ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አሁን ደግሞ ደሳለው ለደብረ ታቦሩ ውድድር ስሜን ከተጠባባቂዎቹ ጋር ጽፎታል። ማሊያውን ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ካልሰጠኝ እንደማልሄድ ጽፌ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። «ማን ይመጣል ብለሽ ነው ይህ ሁሉ?» አለኝ። እናታችን ትመጣለች። ኳስ ሜዳ ረግጣ የማታውቀው ሴት «ከነሐዘን ልብሴ መጥቼ ፊት እቀመጣለሁ» ብላኛለች።

እናታችን ጉንጭህን ስማሃለች፤ ክረምቱ ሳይገባ ዐይንህን ልየው ትልሃለች። አጎታችን አንለይ በሬዎቹ ደህና ናቸው ይልሃል። ቄስ ተክለ ማርያም በጸሎት አስበውሃል። ለባለቤትህ ለሰገን ናፍቆቴን ንገራት፤ ልጃችሁን ባምላክን ስለ አያቱ እየነገራችሁ አሳድጉልኝ።

እኔ ግን ወንድሜ፣ ከእንግዲህ እኔን ሊያይ የመጣ ሰው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ አልገባም።

እህትህ ውባንቺ
ወረታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.