በአያ ደምሴ ጋቢ ላይ ያለው ቀዳዳ

ረቡዕ

አባቴ ዛሬ ሰው ሊገድሉ ነበር።

አይ፣ እንደዚያ ብዬ መጻፍ የለብኝም። ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። መርሳ ካለው ስፌት ቤቴ ስመለስ ባጃጁ አስፋልት ዳር አወረደኝና በማሽላው መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤት አቀናሁ። ፀሐይ ገብታለች፤ ሰማዩ ግን ገና ብርሃን አለው። አባቴ እንደ ልማዳቸው ማማው ላይ ተቀምጠው፣ ምንሽራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከርከሮ ይጠብቃሉ። ሰላም ልላቸው አፌን ስከፍት ተኮሱ።

ወዲያው ከጎረቤታችን ከአያ ደምሴ ማሽላ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። «የሥላሴ ያለህ!»

ቦርሳዬን ጥዬ ሮጥኩ። አያ ደምሴ የወደቀ አገዳ ሊያቃኑ ጎንበስ ብለው ኖሯል። ስደርስ ቆመው ጋቢያቸውን ያገላብጣሉ። ጋቢው ተበስቷል። እሳቸው ላይ አንዲት ጠብታ ደም የለም። ገላቸውን በዓይኔ ደጋግሜ ፈተሽኩ፤ የለም።

በዚህ ዘመን አገሩ ተኩስ ሲሰማ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ሴቱ ልጁን እየጎተተ ወደ ቤት፣ ወንዱ ወደ ድምፁ። ሰው ተሰበሰበ። ያን ጊዜ አያ ደምሴ ወደ አባቴ ማማ እያመለከቱ መሳቅ ጀመሩ። «ሰይድ አዳነኝ እኮ! ከርከሮው ከኋላዬ ሊዘነጥለኝ ሲል ጥይቷን በጎኔ አሳልፎ አባረረልኝ! እንዲህ ያለ አልሞ ተኳሽ የት ይገኛል?» ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ።

አባቴ ግን ሰው ሁሉ እስኪሄድ ከማማው አልወረዱም። ሲወርዱም እጄን ይዘው ነው። እናቴ በሕይወት እያለች እንኳ የማንንም እጅ ይዘው ሲወርዱ አላየሁም። እራትም አልበሉም።

ሐሙስ

ስፌት ቤት የመጣ ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። አንዷ ለልጇ ዩኒፎርም ልታስለካ መጥታ የአባቴን ጀግንነት ለእኔው ተርካልኝ ሄደች። ጥይቷ በአያ ደምሴ ብብት ሥር አልፋ የከርከሮውን ቀንድ ነቀለች አለችኝ። ከርከሮ ቀንድ የለውም አላልኳትም፤ የልጇን ወገብ ለካሁ።

ከሰዓት በኋላ አያ ደምሴ ራሳቸው መጡ፤ ጋቢውን እንደ ባንዲራ እያሳዩ ከተማውን ዞረዋል። «ይስጡኝ፣ ልጣፍልዎ» አልኳቸው። ሰጡኝ።

እኔ ስለ ጥይት አላውቅም። ስለ ልብስ ግን አውቃለሁ። ጋቢውን እሳቸው እንደሚያጣፉት አጥፌ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተደራረቡ፤ ጎኔ ላይ፣ የጎድን አጥንቴ አጠገብ። ጣቴን ሰደድኩ፤ ቀሚሴን ነካ። ጎንበስ ሲሉ ጋቢው ባይንጠለጠል ኖሮ ገላቸውን ታገኘው ነበር። ወደ ሌላ ነገር የተላከች ጥይት ጋቢ መሃል ምን ትሠራለች? ጥይቷ የተላከችው ለራሳቸው ለአያ ደምሴ ነው።

ቀና ስል እያዩኝ ነው። ጋቢውን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱ። «አትጣፊው፤ ምስክሬ ነው። ቀዳዳው ይቆይ» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈታሁ፤ ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁት። የአያ ደምሴ ትልቁ ልጅ ጌታቸው ቁጡ ነው፤ ክላሽም አለው። በአባቱ ላይ እንደተተኮሰ ካወቀ ምን ይፈጠራል? በዓላቸውን በእኛ ቤት፣ በዓላችንን በእነሱ ቤት ያሳለፍን ሰዎች ደም ልንቃባ ነው። እግሬ ፔዳሉ ላይ ደረቀ።

ዓርብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኔ ጉድ ጥቅምትን ጠብቆ መጣ።

ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ ሰዉ ተመካክሮ አባቴ የአካባቢውን ጀማሪዎች ተኩስ እንዲያስተምሩ ወሰነ። ከርከሮው ዘንድሮ በርትቷል፤ ያ ከሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የመጣው አጭር ማሽላ ደግሞ አፉ ድረስ ሆኖለታል። ቀበሌውም ከርከሮ ለማባረር መተኮስ ፈቅዷል። መሣሪያ የያዘው ሰው ብዙ ነው፤ ማለም የሚያውቀው ጥቂት። ብዙዎቹ ለሠርግ ወደ ሰማይ ተኩሰው ነው የሚያውቁት። እሁድ ክርስቲያኖቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይጀመር ተባለ። አባቴም «ኢንሻአላህ» አሉ! ይህን የነገረኝ ባጃጅ ነጂው ይማም ነው፤ እሱም ሊማር ነው።

ረቡዕ ከማማው እጄን ይዘው መውረዳቸው ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆሜ መቀሴን ከፍ አደረግኩ። «አባ፣ የያዝኩት ምንድን ነው?»

«ማንኪያ» አሉ፤ ያለ ጥርጥር።

«መቀስ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ለምን እንደጠየቅኳቸው ገባቸው። ከክረምቱ ጀምሮ ዓይናቸው ጭጋግ ነው አሉ። ሰውን በድምፁ፣ መንገዱን በእግራቸው ነው የሚያውቁት። «ደምሴን አላየሁትም። የተጎነበሰ ነገር አየሁ፤ አገዳ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከርከሮ ነው አልኩ። አስተግፊሩላህ።»

ጮኽኩባቸው። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ለምን ዝም አሉ? ለምን ማማ ይወጣሉ? ለምን ኢንሻአላህ አሉ?

«ዓይን የሌለው ሰይድ ምን ይሠራል፣ ከድጃ?» አሉኝ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ይሠራል?»

ተናደድኩም፣ አሳዘኑኝም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ቅዳሜ

ይቅርብዎት ብዬ ለመንኩ። «ለማስተማር ዓይን አያስፈልግም» አሉ። ግትር ናቸው፤ ከማን ወረስሽው የሚለኝ ሰው ይኸው መልሱ።

እሁድ የሚሉትን በእኔ ላይ ሲለማመዱ ዋሉ። እንዲህ ተቆጥቼ እንኳ ጆሮዬ ቆመ፤ ያውቃሉ ለካ። ያስታወስኩትን ልጻፍ፦

መጀመሪያ ጥይት ይወጣል። ከዚያም በኋላ መሣሪያውን እንደጎረሰ ቁጠረው።

መሣሪያ በልክ ነው። ሰደፉን ክርንህ እጥፋት ላይ አስደግፈህ ጣትህ ቃታው ካልደረሰ ለአንተ አልተሠራም፤ ያማረ ቢሆንም ለሌላ ስጠው። (ይሄ ገባኝ። የአጎቱን ኮት ለብሶ የሚመጣ ሙሽራ ስንቴ አይቻለሁ።)

ሰደፉን ትከሻህ ጉድጓድ ውስጥ አጥብቅ፤ አለዚያ መንጋጋህን ያገኘዋል።

ትንፋሽ አውጣና ግማሹ ላይ ቁም። ቃታውን አትንጠቀው፤ ሳብ ሳብ አድርገው፤ ሲፈነዳ አንተም ድንገት ይሁንብህ።

ዓይንህን እወቅ። ሰው ሁሉ አለቃ እጅ እንዳለው አለቃ ዓይንም አለው።

«ሌላስ?» አልኳቸው። አንድ ይቀራል አሉ፤ ግን አልነገሩኝም። ተነስተው ለሶላት ውዱእ ማድረግ ጀመሩ።

እሁድ

በቅደም ተከተል ለመጻፍ ልሞክር።

ቦታው ከደረቁ ወንዝ ዳር ነው፤ ከኢላማው ኋላ የአፈር ገደል አለ። አባቴ የመረጡት ሆን ብለው ነው፤ የሳተ ጥይት አፈር ይብላ ብለው። ኢላማው የቢጫ ጀሪካን ክዳን ነው። ሲጀመር «ጥይት ሁሉ ወደ ከድጃ ቅርጫት!» አሉ። አንድ በአንድ እየመጡ አራገፉልኝ። ጌታቸውም አራገፈ። ቅርጫቷ ከበደችኝ።

ትምህርቱ ደስ ይል ነበር፤ እውነት ለመናገር ጭንቀቴን ረስቼው ነበር። አጭሩ ሰው በረጅም ምንሽር ሲንገዳገድ ተሳቀ፤ አባቴ ሰደፉን በእጃቸው ዳስሰው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር አለዋወጧቸው። ይማም ደግሞ በስልክ አይቶ ራሱ የሠራውን ቀስት ይዞ መጥቷል። «ሳበውና እኔ እያወራሁ ያዘው» አሉት። ብዙም ሳያወሩ የይማም ክንድ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ክንዱን ዳስሰው «ጅማቱ በርትቶብሃል። ልክህ የሆነ ቀስት ስትስበው አያስለቅስህም። ቀስት ደግሞ ቅርብ ይፈልጋል፤ ከሩቅ ከወረወርከው አቁስለህ ነው የምትሰደው፤ የቆሰለ ከርከሮ ከሚበላው ማሽላ ይብሳል» አሉት። ሲለቀው ጅማቱ ክንዱን ገረፈው፤ ያበጠውን እያሳየን ዋለ።

ከዚያ የዓይኑ ትምህርት መጣ። ሁለቱን ዓይን ገልጦ ጣትን በሩቅ ዛፍ ላይ መቀሰር፤ ከዚያ አንዱን መጨፈን። ጣቷ ከዛፉ ላይ ከዘለለች የጨፈንከው የምታልምበት ዓይንህ ነው። አያ ደምሴ ያንኑ ጋቢ ለብሰው፣ መሣሪያ ሳይዙ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ቀኛቸውን ጨፈኑ። «ዘለለች! ማርያምን ዘለለች!» ሰው ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ ዞር አሉና «አንተስ ሰይድ፣ በየትኛው ነው የምታልመው?» አሉ።

አባቴ ጣታቸውን አነሱ። ጣቷ አየር ላይ ቆመች። ምን ላይ እንደሚቀስሯት አያውቁም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ቅርጫቱን አቅፌ በሆዴ አላህን ስለምን እጃቸውን መለሱት።

«አንድ ትምህርት ቀርቷል» አሉ። «ያላየኸው ላይ አትተኩስ። እሱን እኔ አፍርሻለሁ። ደምሴ፣ ረቡዕ ዕለት በየትኛውም ዓይኔ አላየሁህም። ዓይኔ ጠፍቷል። ከርከሮ መስለኸኝ ነው የተኮስኩብህ።»

ሰው ሁሉ ወደ አያ ደምሴ ዞረ።

ጌታቸው ተነሳ። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ መጣ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «ጥይቴን ስጪኝ።»

ቅርጫቱን ወደ ደረቴ ሳብኩ። እጁን ዘረጋ።

«ጌታቸው፣ ተቀመጥ!» አሉ አያ ደምሴ።

«አባ፣ ያለውን አልሰሙም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። ተቀመጥ አልኩህ።»

አልተቀመጠም፤ እጁን ግን መለሰ። አያ ደምሴ አባቴን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው አባቴ እግር ሥር ጣሉት፤ ያለ ጋቢ፣ በሸሚዝ ብቻ ሄዱ። ልጃቸውም ተከተላቸው። ሌላውም ጥይቱን ሳይጠይቅ ተበተነ።

ቅርጫቱን ዱቄት ዕቃው ውስጥ ደብቄዋለሁ። በሩን ቀርቅሬያለሁ። አባቴ ጋቢውን በእጃቸው እየዳሰሱ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። አሁን አገኙት፤ ጣታቸውን ሰደዱበት።

ሰኞ

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። በስንጥቁ አየሁ፤ አያ ደምሴ፣ ከኋላቸው ጌታቸው። የመጣው ይምጣ ብዬ ከፈትኩ።

«ጋቢዬን» አሉ።

አመጣሁ።

«ጣፊው።»

ምስክሬ ነው፣ አትንኪው ያሉት እኮ ናቸው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ፤ ስፌት የምበላበት ሙያዬ ነው፣ አቃተኝ። ነጭ ክርም መርሳ ነው ያለው፤ ቤት የተገኘው ሰማያዊ ብቻ ነው። ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። እየሰፋሁ በለሆሳስ ጠየቅኳቸው። «አያ ደምሴ፣ ያን ዕለት በእርግጥ ከኋላዎ ከርከሮ ነበር?»

«ምን ከርከሮ አለ?» አሉ፣ እንደኔው ዝግ ብለው። «አይጥም አልነበረ።»

መርፌዋ ወጋችኝ።

«ሰው ሲሰበሰብ ከፊት ጌታቸው ክላሹን ይዞ ሲሮጥ አየሁ። ምን ልበል? ሰይድ ተኮሰብኝ ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። ወሬው እንዲህ ይሮጣል ብዬ መቼ አሰብኩ። ድንግዝግዝ አሳስቶት ነው ብዬ ነበር፤ ዓይኑ መሆኑን አላወቅኩም።»

ስንት ቀን እኔ ከእሳቸው ደበቅኩ ስል፣ እሳቸው ከእኔ!

አባቴ ድምፃቸውን ሰምተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ። አያ ደምሴ ተነሱና ጮኹባቸው። መንደሩ ሳይሰማ አይቀርም። «ጥይቱን ረቡዕ ዕለት ትቼልሃለሁ! በማሽላ ተጣልተን፣ በማሽላ ታርቀን፣ ዓይንህ ሲጠፋ ለእኔ አትነግረኝም? ለእኔ? ይሄን ነው የማልተውልህ!»

አባቴ አለቀሱ። የእናቴ ቀብር ላይ ያላለቀሱት ሰውዬ።

ወልድያ ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ። አያ ደምሴ ጋቢውን ለብሰዋል፤ ሰማያዊው ስፌቴ ከሩቅ ይታያል። አባቴ ጫፉን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ጌታቸው ቀረ። ዱቄት ዕቃውን ገልጬ ቅርጫቱን ላወጣለት ስል «አንቺ ጋ ይቆይ» አለኝ። ፊቱ አልተፈታም፤ ግን ከርከሮ በጩኸት ማባረሪያ ባዶ ቆርቆሮ ለመነኝና የእኛን ማማ ወጣ።

አመሻሽ ላይ አያ ደምሴ ደወሉ። ሐኪሞቹ የዓይን ሞራ ነው ብለዋል። ቀኙ በቀዶ ጥገና ይመለሳል ይላሉ፤ ግራው ግን ውስጡም ተጎድቷል፣ ዘግይቷል፣ ተስፋ አልሰጡም። «አባትሽ ሐኪሙን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? የማልመው በቀኙ ነው፣ አደራህን! ሐኪሙ ደንግጦ እኔን አየኝ» አሉ። አልሳቅኩም። ቆይቼ ሳቅኩ።

ምንሽሩ ከአልጋዬ ሥር ነው፤ ስለሱ ማን ምን እንደሚወስን አላውቅም። ጌታቸው ማማው ላይ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይበልጥ እደነግጣለሁ።