የግራና የቀኝ ጎረቤት

ኅዳር 6 ቀን 1970፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ደብተሬ፣ ዛሬም ቁጥሮቹ ዞሩ። ማዕበሉ ጉብታው ሥር ደርሷል። አንድ የሃይድሮጂን አቶም ከተጣመሩ ሁለት አቶሞች አንዱን ነጥቆ ሊጣመር ሲል መሃል ላይ የጉልበት ጉብታ ይገጥመዋል። ለመውጣት አቅም የለውም። ግን እንደ ማዕበል ስለሚሆን ትንሽ ድርሻው ጉብታውን ሰርስሮ ያልፋል። ሞስኮ ስማር ይህን የሚያሰላልኝ ኮምፒዩተር ነበር። ላሊበላ ላይ ያሉኝ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ናቸው።

የአቶሙን መንገድ አሥራ ሁለት ነጥብ አደረግኩት፣ ለአንድ ልጅ አንድ ነጥብ። ቁጥሩን ለማደስ የግራና የቀኝ ጎረቤቱ ቁጥር ይበቃዋል። መሰብሰብ ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ብጣሽ ወረቀት ይቀባበላሉ። ከጎረቤቶቹ ሌላ ማን እንዳለበት አንዱም አያውቅም። በብልሃቴ ኮራሁ።

ኅዳር 9
የቀበሌ ጠባቂዎች ዝናሽን ወሰዷት! የመሪጌታ ልጅ፣ ሰባተኛዋ ነጥብ። ብጣሹን እጇ ላይ አገኙት። የቀበሌው ሊ/መንበር ማን እንደሰጣት፣ ለማን እንደምትሰጥ ጠየቃት አሉ። ሒሳብ ነው፣ ከሁለት ሰው በቀር አላውቅም ብላ እቅጩን ነገረችው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። የሕቡዕ ድርጅት ሕዋስ የሚሠራው እንዲህ ነዋ። እኔ ደደብ!

የስሌቱን ወረቀት በሙሉ አቃጠልኩ። ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሱ ይመስሉኛል።

ኅዳር 10፣ ጠዋት
መሪጌታ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስንቅ ሊያደርሱላት ሄደው በመስኮት አዩዋት፣ ፊቷ አብጧል። ጠባቂዎቹ የሁለቱን ስም ተናግረሽ ውጪ ብለዋታል። እምቢ አለች። የእኔንም አልጠራችም።

«መምህር፣ ልጄን እንዲህ የሚያስደበድባት ምንድን ነው? እግዜር ያሳይዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ስለ ሃይድሮጂን ነው አልኳቸው። አፈርኩ።

ልሽሽ? ኩልመስክ ገጠር ዘመድ አለኝ። ከሸሸሁ ይገድሏታል። ቀበሌ ከቀረብኩ ደግሞ የሁሉንም ስም የማውቀው እኔ ነኝ። ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ እንደሷ እችላለሁ? እንጃ። ፈሪ ነኝ።

ኅዳር 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
አሥራ አንዱን ልጆች ተራ በተራ አግኝቼ ጥፉ አልኳቸው። ጊዜው የአጨዳ ነው፤ ገጠር ቢገቡ ማንም አይጠረጥርም። የመጨረሻው ወደ ፍላቂት በሚሄድ መኪና ሄደ። የት እንደሚያርፉ አልጠየቅኩም፣ መስማትም አልፈለግኩ።

አሁን ቀበሌ እሄዳለሁ። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ እላለሁ። ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግኩ። እንደሚያስወልቁኝ አውቃለሁ።