የአቶ ተክሉ ጂሎ የሕይወት ታሪክና የሳንጃው አፎት

አቶ ተክሉ ጂሎ ከአባታቸው ከአቶ ጂሎ ዲዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፌ በ1905 ዓ.ም. አሬሮ ተወለዱ። አባታችን ቦረና ናቸው፤ ከብት ያረቡ ነበር፣ ቆዳም ይሠሩ ነበር። እናታችን ከሰሜን የመጣ ወታደር ልጅ ነበሩ። ወንድሜ ከአባታችን ቆዳን በከብት ጅማት መስፋት ተማሩ፤ ከእናታችን ጸሎትና ግትርነት ወረሱ። ግትርነቱ ለእኔም ደርሶኛል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ጀመሩ። ዳዊቱን ሳይጨርሱ አባታችን ስለሞቱ ትምህርቱን ትተው በቆዳ ሥራ እናታቸውንና እኔን ታናሽ እኅታቸውን አሳደጉ። እኔ እሳቸውን ያህልም አልተማርኩም። እዚህ ጽሑፍ ላይ የፊደል ስሕተት ያገኘ ሰው ስሕተቱን ይዞ ቤቱ ይግባ፤ ነገሩ ግን ስሕተት የለበትም።

ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ነገሌ በነበረው የጦር ዕቃ መጋዘን ተገደው ቆዳ ሲጠግኑ ቆዩ። ይህን እያነሡ ‘ባንዳ’ ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚህ ቆመዋል። ያን ጊዜ ማን ከማን ማዕድ ይበላ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ቀብር ስለሆነ ዝም ብያለሁ።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ለቆ ሲሄድ ጠመንጃውን ጉልበት ያለው ወሰደው። ትርፍራፊው በየሜዳው ቀረ፤ የሳንጃ አፎት፣ ዝናር፣ የጠመንጃ ማንገቻ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ መወልወያ ዘንግ። ወንድሜ ይህን እየሰበሰቡና እየጠገኑ ነገሌ ገበያ ላይ ሱቅ ከፈቱ። የጠመንጃን ዘር የሚያውቅ ሰው በአገራችን ሞልቷል። የአፎትና የዝናርን ዘር ለይቶ የሚያውቅ ግን እስከ ያቤሎ ድረስ ከእሳቸው ሌላ አልነበረም። የጣሊያኑ ዝናር አረንጓዴ ግራጫ ቀለም የተቀባ ቆዳ ነው፤ ቀለሙ ቢላጥም በስፌቱ ሥር አይጠፋም። የእንግሊዙ ከሸራ ጨርቅ የተሠራ ነው። የቤልጅጉ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። እሳቸው መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ቀጥሎ ስፌቱን በጥፍራቸው ይነኩታል፣ ከዚያ ይናገራሉ። ሲናገሩም ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም። ወንድሜ ትሑት ሰው አልነበሩም። ሞቱ ብዬ ትሑት ነበሩ አልልም።

አንድ ጊዜ አንድ ባለ ርስት መሆን የፈለገ ሰው ዝናር ይዞ መጣ። ‘ከገደልኩት ጣሊያን ወገብ የፈታሁት ነው፤ አርበኛ ለመሆኔ መስክርልኝ’ አላቸው። ወንድሜ ዝናሩን አገላብጠው አዩና ገበያተኛው እየሰማ ‘ወዳጄ፣ ከማሰሪያው ቀዳዳ አንዱ እንኳ አልሰፋም። ይህን የታጠቀ ሰው አልሮጠም፣ አልራበውም፣ አልሞተም። ከመጋዘን ወጥቶ ለባንዳ የታደለ ነው’ አሉት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ግን ርስቱን አገኘ። በሌላ ምስክር።

በ1938 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቡርቱካን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ዲንቄንና ልጃቸውን ዱባን ወለዱ። ቤታቸው ለቦረናም ለወታደርም ክፍት ነበር። ከበር ላይ ‘አካም፣ ናጋ?’ ያለውም፣ ‘ጤና ይስጥልኝ’ ያለውም እኩል ይገባ ነበር።

አሁን ወደ አፎቱ ልምጣ። የእድራችን ጸሐፊ ‘ይህን ክፍል አውጪው፤ ለቀብር አይሆንም’ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለቀብር ካልሆነ ለሠርግ ይሆናል ወይ አልኩት።

በ1957 ዓ.ም. ዓብዱልሀኪም የሚባል የከብት ነጋዴ ከዱብሉቅ ወጣ ባለ መንገድ ላይ በሳንጃ ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። ሳንጃው አልተገኘም፤ ባዶ አፎቱ ግን ሬሳው አጠገብ ወድቆ ነበር። ሬሳውን ያየውና ለፖሊስ ያመለከተው ጃታኒ ጉራቻ የሚባል ከብቱን ከኤላው፣ ከጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ አጠጥቶ የሚመለስ ጎልማሳ ነበር። ያመለከተውን ሰው አሰሩት። ‘አንተ ካልሆንክ እንዴት አወቅህ?’ ተባለ። እንዲህ ከሆነ ሬሳ አይቶ ዝም ያለ ሰው ብልጥ ነው ማለት ነው።

ችሎቱ ‘የዚህን አፎት አመጣጥ የሚያውቅ ይቅረብ’ ሲል ወንድሜ ተጠሩ። አዲስ ካፖርታቸውን ለብሰው ሄዱ። አፎቱን ሰጧቸው፤ አሸተቱት፣ ስፌቱን ነኩት። ‘የጣሊያን ሥራ ነው’ አሉ። ‘በጅማት የተሰፋውስ?’ ተባሉ። ‘የቦረና ስፌት ነው’ አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ዳኛው ከዚያ በላይ አልጠየቁም። የቦረና ስፌት ነው ከተባለ የቦረና ሰው ነው የያዘው፤ ቦረና ከሆነ ደግሞ እነሆ ቦረና ፊታችን ቆሟል አሉና ጃታኒን ዕድሜ ልክ ፈረዱበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንን አፎት የሰፉት ወንድሜ ራሳቸው ነበሩ። ከተማው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ነገሌ ባለው የጦር ካምፕ ውስጥ የዕቃ ቆጠራ በደረሰ ቁጥር አፎቱ የጠፋበት ወታደር ቅጣት ፈርቶ ወደ ወንድሜ ሱቅ ይመጣል። ወንድሜም አሮጌ የጣሊያን አፎት አንሥተው፣ አፉን ለወታደሩ ሳንጃ እንዲሆን ያሰፉና ከአባታችን በተማሩት ስፌት በጅማት ይሰፉለታል። ቆጣሪው ከሩቅ ካየ አፎት አፎት ነው። ወታደሩ ከቅጣት ይድናል፣ ወንድሜ ይሸጣሉ፣ ሁሉም ዝም ይላል። ያ አፎትም በዚሁ መንገድ ለአንድ ወታደር የሸጡት ነው። ችሎት ፊት ስፌቱን በጥፍራቸው ሲነኩት የገዛ እጃቸውን አወቁት።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ፈርተው ነው። ለካምፕ ወታደር አፎት መሸጥ የተከለከለ ነበር፤ ሱቃቸው ይዘጋል፣ እሳቸውም ይታሰራሉ። ‘ዕቃው የት ተሠራ አሉኝ እንጂ ማን ታጠቀው መች አሉኝ’ ብለው ራሳቸውን አታለሉ። እኔ ይህን የሰማሁ ቀን ‘ጋሼ፣ ግማሽ እውነት ተናግሮ ቤቱ ከሚገባ ሰው ፈረስ ከነልጓሙ የሰረቀ ሌባ ይሻላል’ አልኳቸው። ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም።

ያነቃቸው እኔ አይደለሁም። የጃታኒ እናት እማማ ጉያቱ ናቸው። እማማ ጉያቱ ሱቁ በር ላይ መጥተው ተቀመጡ። አልጮኹም። ‘ተክሉ፣ አንተ የጂሎ ልጅ ነህ። ላሜን ወስደህ ቢሆን ሌላ ላም ትሰጠኝ ነበር። ለልጄ ምን ትሰጠኛለህ?’ አሏቸው። ወንድሜ ሱቁን ዘግተው ያን ዕለት ሁሉን ነገር ነገሯቸው። እማማ ጉያቱ ሰምተው ሲጨርሱ ‘ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለዚያ ለካባ ለባሹ ዳኛ ንገረው’ አሉ።

ነገሩት። በጭነት መኪና ከበግና ከጨው ጋር ተጭነው ሄደው ችሎቱ ፊት ቆሙና ‘አፎቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለወታደር ሸጬዋለሁ፤ ጃታኒ ይዞት አያውቅም። አፉ የሰፋው ለካምፕ ሳንጃ ነው፤ ካላመናችሁ የካምፕ ሳንጃ አምጡና ክተቱበት’ አሉ። ምን አሏቸው? ‘ቀድሞ የሰጡት ቃል ጸንቷል።’ ወንድሜ ‘ቃሉ የእኔ አይደለም ወይ? ሳጎድለው የተቀበላችሁኝን ስሞላው ለምን ትመልሱኛላችሁ?’ አሉ። ‘ወይ ያኔ ዋሽተዋል፣ ወይ አሁን ይዋሻሉ፤ በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳሉ’ አሏቸው። ወንድሜም እጃቸውን ዘርግተው ‘እሺ፣ ክሰሱኝ’ አሉ።

አልከሰሷቸውም። እሳቸውን ከከሰሱ ጃታኒን ሊፈቱ ነዋ! ወንድሜን ማሰር ቀላል ነበር፤ ተሳስተናል ማለት ነው የከበዳቸው። ሰውን ለማሰር የታመነ ቃል ሰውን ለማስፈታት ሲመጣ የሽማግሌ ቅዠት ሆነ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ወንድሜ በደሉ፤ በደላቸውን ይዘው ቀረቡ። ነገር ግን በደላቸውን የሚቀበላቸው አጡ።

ይዘጋል ብለው ፈርተው እውነቱን የደበቁለት ሱቅ በገዛ አፋቸው ተዘጋ። ካምፑ ወታደሮቹን ስለከለከለ ማንም ወደ ሱቃቸው ዝር አላለም። አፎቱን የገዛው ወታደር ወደ ሌላ ክፍለ ጦር ተዛውሮ ነበር። ‘ለምን ነገር ትቆሰቁሳለህ፣ ሰውየው እንደሆነ አንዴ ተፈርዶበታል’ ያሏቸው ወዳጆች ብዙ ናቸው። ዛሬ ‘ደግ ሰው ነበሩ’ የሚሉትም እነዚሁ ናቸው።

እሳቸው ግን አልተዉም። ዝናብ መንገዱን እስካልቆረጠው ድረስ ወደ ችሎቱ ይሄዱ ነበር። ቀረት ያሉ እንደሆነ እማማ ጉያቱ በሩ ላይ ብቅ ብለው ‘ተክሉ፣ ዛሬ እግርህ ታመመ ወይስ ልብህ?’ ይሏቸዋል። ወንድሜም እየተነጫነጩ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ። ያ አዲስ የነበረው ካፖርት በመኪና ላይ አልቆ ክርኑ ተቀደደ። ክርኑን በጅማት ሰፉት። ሲመለሱ በእስር ቤቱ በኩል አልፈው ጃታኒን ያዩታል። መጀመሪያ ጃታኒ ፊቱን አዞረባቸው። በኋላ ጊዜ ግን ‘አባ ዲንቄ፣ እናቴ ይህን ያህል ካስቸገረችህ ና እዚሁ ከእኔ ጋር ታሰርና እረፍ’ ብሎ አሳቃቸው። ወንድሜ ይህን ሲነግሩኝ ሣቁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም አደረባቸው። ነገሌ ሐኪም ቤት ሲታከሙ ቆይተው ሕመሙ ስለጸና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አልጋ ላይ ሳሉ ‘ስንቄ፣ ችሎት ያልሰማኝን ለቀብርተኛ ንገሪልኝ። ግማሹን እንዳታስቀሪ’ ብለው አዘዙኝ። በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እኔም ነግሬያችኋለሁ። እዚህ ካህናት አላችሁ፣ የእድር ሽማግሌዎች አላችሁ፣ ከካምፕ የመጣችሁ መኮንኖች አላችሁ፣ በአበባ የተሸፈነ መኪና የላከ የፍርድ ቤት ሰውም አለ። አበባውን መልሶ ይውሰደው። አፎቱን የሰፉት ተክሉ ጂሎ ናቸው። የሸጡት ለወታደር ነው። ጃታኒ ጉራቻ ይዞት አያውቅም። ከዚህች ሰዓት በኋላ ማንኛችሁም ‘አልሰማንም’ ማለት አትችሉም።

አቶ ተክሉ ጂሎ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቡርቱካንን፣ ልጆቻቸውን ዲንቄንና ዱባን፣ እኅታቸውን ስንቄን ትተው ሄደዋል። ከመቃብሩ ራስጌ የቆሙትን እማማ ጉያቱን ትተው ሄደዋል። ጃታኒ ጉራቻንም ከነሕይወቱ እስር ቤት ትተው ሄደዋል።

የሰው ችሎት ግማሹን ሰምቶ ፈረደ። ሙሉውን የሚሰማ አምላክ ወንድሜን ሙሉውን ሰምቶ ይማራቸው። እኛንም ሙሉውን ሰምተን ቤታችን ገብተን እንዳንተኛ ያድርገን። አሜን።