እማዬን ከውሃ ሥር

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት

የካሜራውን ሳጥን በርሜል ውስጥ ነክሬ ቁጭ ብያለሁ። ካሜራው ውስጡ የለም፣ ሶፍት ብቻ። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ካሜራው ይገባል።

ወጣ። ደረቅ። አላልኩሽም፣ ማስታወሻዬ?

እቅዱ ይሄ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ቤ/ክናችን ሐይቁ ላይ ያጠምቃል። እስከ ዛሬ የሚቀረጸው ከላይ ነው፤ ጀርባና እርጥብ ፀጉር። እኔ ከሥር እቀርጻለሁ። ሰው ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል እዚህ ከተማ ያሳየ የለም። መጋቢያችን ፈቅደዋል። ሰርግ እንዳታስመስሉት ብቻ ብለዋል። ሥራዬን ያውቁታላ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ሶፍቱ ረጠበ። ተናደድኩ። ሳጥኑን ስፈትሽ ክዳኑ ዙሪያ ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ ላይ አንዲት ቀጭን ክር። ለጥንቃቄ ብዬ በፎጣ ጠርጌው ነበር፣ ክሩን የተወው ፎጣው ነው። ንጽሕናዬ ሊያጠፋኝ! ከእንግዲህ በጣት ብቻ።

የቀረው ተሰናድቷል። ማቆሚያው፦ የቀለም ጣሳ፣ ሲሚንቶ የተሞላ፣ መሃሉ ላይ ብረት። የሳጥኑ መስታወት ጉም እንዳይዝ፦ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች። ባህል አዳራሽ አካባቢ ያሉ ጫማ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩኝ ካርቶን ይከፍቱልኛል። ተሜ (ተመስገን፣ መሃል ከተማ ያለው የሰርግ ቪዲዮ ቤታችን ባልደረባዬ) ጫማ ሳይገዛ የተከበረ ሰው ብሎኛል። ይሳቅ።

የካቲት 9፣ እሁድ

ዛሬ የጌታ እራት ነበር። ጽዋው ሲደርስ እማዬ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ካመነች ስንት ዘመኗ፣ ግን አልተጠመቀችም። ያልተጠመቀ ደግሞ አይቆርብም። ሰው ቸልተኛ ናት ይላል። ውሃ ፈርታ ነው። እኔ ሳልወለድ ታናሽ ወንድሟን ሐይቁ በልቶታል፤ ጀልባ ተገልብጦ። ሐይቅ ዳር እየኖረች እግሯን ነክራ አታውቅም። በባጃጅ ስናልፍ እንኳ ወደ ሐይቁ በኩል አትቀመጥም።

ከምሳ በኋላ ሳጥኑን አንስታ አገላበጠችው። ካሜራው ብቻውን ነው ወይ የሚገባው አለችኝ። እኔም እገባለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር አልወሰንኩም ነበር፣ አፌ ቀደመኝ።

«አንቺ ከሥር ካለሽ እገባለሁ» አለች።

ሳህን ማጠብ ጀመረች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ሐይቁ ላይ ሙከራ። ተጠማቂ፦ ተሜ። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከክንድ ርቀት በላይ አይታይም። መብራቱን ከካሜራው ጋር ሳስረው የተንሳፈፈው ሁሉ እንደ ዱቄት ነጭቶ ፊቱን ሸፈነው። ወደ ጎን አራቅኩት፣ ጠራ። እኔም ቀረብኩ። ተሜ እስኪያነጥሰው ተጠመቀልኝ።

ሰርግ ላይ ሁሉ ነገር ይደገማል። ኬኩም፣ ቀለበቱም፣ ከመኪና መውረዱም። ቅዳሜ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተሜን አስጠነቀቅኩት።

ማታ ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴውን ቀነስኩ፣ ቀይ ጨመርኩ። የሰው ቆዳ ሆነ። ያምራል! ካሜራው ጣሳው ላይ ሲቆም ግን ፊት ከምስሉ ይወጣል። በእጄ ይዤ ስክሪኑን እያየሁ ነው የምቀርጸው። ተወሰነ። የእማዬ ፊት አያመልጠኝም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን

ፀጉሬ አልደረቀም፣ ግን ልጻፍ።

ሌሎቹ አለፉ። ሁሉንም ያዝኳቸው። የእማዬ ተራ ሆነ፤ ውሃው ወገቧ ጋ ሲደርስ ቆመች። መጋቢ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሕዝቡ ይዘምራል። አልሄድ አለች። ከንፈሯ ነጣ። አሁን ተመልሳ ትወጣለች፣ ዳግመኛም አትመጣም ብዬ ፈራሁ። እኔ ከመጋቢ አጠገብ ተንበርክኬ አንገቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ነኝ፣ መነጽር አድርጌ፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ።

በቋንቋችን፣ በሲዳሙ አፎ ጠየቀችኝ፣ እያየሽኝ ነው ብላ። አዎ አልኳት።

«ካሜራውን አላልኩሽም። አንቺ!»

ካሜራውን ለጥንቃቄ አጠገቤ ያቆምኩት ጣሳ ላይ ሰካሁት። የት እንደሚያይ አላጣራሁም። ጠለቅኩ። እሷም መጣች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ፈልጋ አገኘችኝ።

ስትወጣ ተሜ ከዳር፣ የሥራ አመል ሆኖበት፣ «አንዴ ይደገምልን!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። መጋቢ ሳቁ። እማዬ ከአገጯ ውሃ እየተንጠባጠበ፦

«ከፈለገ እደግመዋለሁ» አለች።

የካቲት 17፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

የቪዲዮው ቆረጣ ላይ ነኝ። የሌሎቹ ፊት ልቅም ብሎ ወጥቷል፣ በራሴ ኮራሁ። የእማዬ የለም። ልብሷ ያልፋል፣ አረፋ ይነሳል፣ ከዚያ እጇ ይመጣል፣ ይዳብሳል፣ እጄን አግኝቶ ጭብጥ ያደርጋል። ጭቃው ይነሳና ምስሉ ያልቃል። እጄን መያዟን እንኳ አላስታውስም ነበር።

ተሜ እሱ ከዳር በቀረጸው እንሸፍነው ይላል። ክፋት የለውም፣ ባለሙያ ነው። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ፊቷን ስላጣሁት ይቅርታ ልጠይቃት ስል እጄን አንስታ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ታስተያየው ጀመር።

ወስኛለሁ። አልሸፍነውም፣ አላሳጥረውም፣ ሙዚቃም አልጨምርበትም። እሁድ ቤ/ክ ስክሪን ላይ ጭቃው እስኪሸፍነው ድረስ ይታያል። ፊቷስ የሚል ካለ፣ እኔ አይቼዋለሁ።