ገና ያልደረሰው ዓርብ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ደረቷ ተሰንጥቆ ልቧ በላስቲክ ተተካ ብለውህ ስታለቅስ መዋልህን ሰማሁ። ውሸት ነው። በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልቤን ምት የሚያዛባውን ሥፍራ ተኮሱት፤ በማግሥቱ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ወሬውን ያመጣልህን ሰው አፍህን ዝጋ በልልኝ። አሁን በወጉ ልጠይቅህ፤ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ባለቤትህን ሳሉ ተዋት? የእኔ ቁስል ደርቋል፤ ደም ማቅጠኛዬንም ሰዓት ሳላዛንፍ እውጣለሁ።

የሚያስጸይፈኝ ሌላ ነው። ደረቴ ላይ የለጠፉት የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሰባት ቀን ይቆያል፤ ሙጫው ላብ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ልቤ ሲዛባ በላዩ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ፣ ሰዓቱንና እሠራው የነበረውን በደብተር ማስፈር አለብኝ። ካልተጫንኩት መሣሪያው የተዛባውን ምት መዝግቦ አያስቀምጥም። መነጽሬ ተሰብሮ ስለነበር ጽሕፈቱን ለልጄ ሰጠሁ። ዛሬ ተጠግኖ ሲመጣልኝ ደብተሩን ገለጥኩ።

ከዳር እስከ ዳር «ደህና ናት፣ አርፋለች» ይላል። አንድ ጊዜ ተቀምጣ የጨረሰችው ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ዓርብንም ሞልታዋለች! ያልኖርኩትን ቀን አርፌበታለሁ። ጠርቼ ብጠይቃት፣ «እማዬ ደግሞ፣ ነገስ ምን አዲስ ነገር ይመጣል ብዬ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ደብተር ባቀርብ መምህራችን ሰልፍ ላይ ታስነብበኝ ነበር።

ልቆጣት አፌን ስከፍት ግን ማክሰኞ ትዝ አለኝ። የልብስ ባልዲ ይዤ ደረጃ ስወጣ ልቤ እንደ ላላ መዝጊያ ተንገጫገጨ። ልጄ ከታች «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኩ። ቁልፉንም አልተጫንኩም። ሐኪሙ ወደ አንተ እንድጓዝ የሚፈቅድልኝ ነገ ደብተሩን አይቶ ነው፤ ካየሁህ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ለዚህ ብዬ ዋሸሁ። ልጄ ማክሰኞን የጻፈችው በእኔ ቃል ነው። ከሙጫው ሽታ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

ከሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ምቱ ሊዛባ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ግን ማወቅ አለበት። ጉዞዬን ቢያዘገየው አትዘን።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ትንሿን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። አማትህንም ከነቁጣቸው እጅ ነስታለች በልልኝ።

ነገ ሲነጋ መጀመሪያ የልጄን ዓርብ በአንድ መስመር እሰርዛለሁ፤ አልፍቀውም፣ ይነበብ። ቀጥሎ ማክሰኞ ላይ «ደረጃ፣ ባልዲ፣ አንድ ደቂቃ ያህል፤ ደብቄ ነበር» ብዬ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ኪኒኔን እውጣለሁ። ጸጉሬን አበጥሬ እሄድና፣ ሐኪሙ ደብተሩን ሳይገልጥ በአፌ እነግረዋለሁ። የሸከፍኩትን ሻንጣ ግን አልፈታውም።

ታላቅ እህትህ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ የካቲት 12 ቀን