እማዬም ምልክት መፈለግ ጀምራለች

ይድረስ ለእህቴ ለሹክሪያ፣

«ሹክሪያ እኮ ውጭ አገር የበሰበሰ ነገር ነው የምትመረምረው» ብላ ጎረቤታችን እትዬ በየነች ለደንበኛዋ ስትነግር ሰማሁና፣ የእኛን ኮረሪማም ብታይልን ብዬ ተመኘሁ። አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽስ? ብርዱስ? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ በጥር ዝናብ ጥሎ የተሰጣው ቡና አልደርቅ አለን እንጂ።

ባለፈው በስልክ ያስረዳሽንን እማዬ በደንብ ይዛዋለች። ዓለም ሲጀመር አንድ ዓይነት ቅንጣት ነበረ ይባላል፤ ያየው ግን የለም። በስብሶ ከጠፋ፣ ሲጠፋ የለቀቀው ኃይል በዚያ በጥንቱ ብርሃን ላይ ምልክት መተው አለበት። እናንተ ከሰማይ ብርሃኑን እየለቀማችሁ ምልክቱን ትፈልጋላችሁ፤ ከሌለ፣ ወይ ቅንጣቱ አልነበረም፣ ወይ እንደተባለው አልበሰበሰም። ያላዩትን በምልክት መክሰስ ለእኔ አልተዋጠልኝም። እማዬ ግን ዘዴውን ወደደችው።

ወደደችውና በአንቺው ላይ ጀመረችው። የላክሽውን የቤትሽን ፎቶ ስልኬ ላይ በጣቷ እያሰፋች፣ «ሁለት ሲኒ» አለች። አንዱ የትናንት ይሆናል አልኳት። «በሩ ላይ የወንድ ካፖርት» አለች። በብርድ አገር ካፖርት ወንድና ሴት የለውም አልኳት። «ሰውየውንማ መች አየሁት? እኔ የማየው ምልክቱን ነው፤ ያስተማረችኝ ራሷ ናት» አለችኝ።

እህቴ፣ አባታችን ካረፉ ወዲህ የጋብቻ ወሊይሽ እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ፈቃድ ኒካሕ አይታሰርልሽም። ሳልጠየቅ አግብተሽ ከሆነ የጅማ ዘመዶቻችንን በምን ዓይኔ አያለሁ? ቤቱን ሁሉ «አላገባችም» እያልኩ የምከራከረው እኔ ነኝ። ባለፈው ጁምዓ ስንደዋወል ከኋላሽ ያወራ የነበረው ሬዲዮ ነው ብለሽኛል፤ አምኛለሁ። ሬዲዮው ሲያነጥስ ግን «የርሐሙከላህ» ስትዪው ሰምቻለሁ።

እውነቱን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ። ደውዬ ያልጠየቅሁሽ፣ እትዬ በየነች ከሱቃችን ግድግዳ ወዲያ ሆና ስለምትሰማ ነው።

ባለቤቴን ላምያን ናፍቀሻታል። ልጃችን ሱሀይብ ቅንጣቱ ይናከሳል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። የማሻዋ አክስታችን ባህሪያ ሰላም ብላ ማር ልኬላችኋለሁ ብላለች፤ እስካሁን ስላልደረሰ ሾፌሩን ጠርጥሬዋለሁ። እማዬም ሰላም ብላሻለች። ለረመዳን ትመጣለች ብላ ያሠራችልሽ አልጋ ዛሬ ከአናጺው ቤት መጣ፤ የሁለት ሰው ነው።

ወንድምሽ ሻሚል
ቴፒ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.